በስሙ ስትሰጥለት የማን እጅ ይከፈታል?



ውድ ወንድሜ፣ ውድ እህቴ! በሌላ ሰው ስም ሰደቃ ስንሰጥ "አጅሩ ይደርሰዋል ወይ?" ብለን ብዙ ጊዜ እንጠይቃለን። በዛሬው የጁምዓ ማስታወሻችን ግን ሌላ ጥያቄ እናንሳ፦ በስሙ የሰጠህለት ሰው፣ ከዚያ በኋላ በራሱ እጅ የሚሰጠው ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል?

ጥያቄው ከቤታችን የራቀ አይደለም። ጄዳ ወይም ዱባይ የምትሠራ እህት ብር ትልክና "በሁላችሁም ስም ሰደቃ አውጡበት" ትላለች። ጓደኛው ሲያገባ "ስጦታህ ይሁን ብዬ በስምህ ለየቲሞች ሰጠሁልህ" የሚል አለ። አባት በረመዳን መጨረሻ ለቤተሰቡ በሙሉ ዘካተል ፊጥር ያወጣል። ሁሉም መልካም ሥራ ነው፤ አላህ ይቀበላቸው። ነገር ግን እያንዳንዱ በተሰጠለት ሰው እጅ ላይ የሚያሳድረው ነገር አለ። እጁን ሊያነቃው ይችላል፤ ሊያስተኛውም ይችላል።

መጀመሪያ ስለሞቱት

ሰዕድ ኢብኑ ዑባዳ (ረ.ዐ) እናቱ የሞተችው እሱ በሌለበት ነበር። ወደ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) መጥቶ በእሷ ስም ሰደቃ ቢሰጥ ይጠቅማት እንደሆነ ጠየቀ። እንደሚጠቅማት ነገሩት። እሱም እሳቸውን ምስክር አድርጎ የአትክልት ቦታውን በእናቱ ስም ሰደቃ አደረገ። ታሪኩን ቡኻሪ ዘግበውታል።

እናትህ ወይም አባትህ አኺራ ከሄዱ፣ ይህን በር በደስታ ክፈተው። የሟች እጅ ታጥፏል፤ በስሙ ብትሰጥለት የምታስተኛው እጅ የለም። ስለዚህ ከዚህ በታች የምንለው ነገር ለወላጆችህ ከመስጠት እንዳያዘገይህ።

ሞት ግን ስለ በሕይወት ያሉት የሚያስተምረን ነገር አለ። በሱረቱል ሙናፊቁን ቁጥር 10 ላይ አላህ ሞት ከመምጣቱ በፊት እንድንለግስ ያዘናል፤ ሞት የመጣበት ሰው ምን እንደሚል ደግሞ ይነግረናል። ሰውየው ጥቂት ጊዜ እንዲጨመርለት ይለምናል። ለምን? ሰደቃ ሊሰጥ። ልብ በል ወንድሜ! በዚያች ሰዓት የሚመኘው ልጆቹ ወይም ወንድሞቹ በስሙ እንዲሰጡለት አይደለም። እነሱማ ከሞተም በኋላ ሊሰጡለት ይችላሉ። የሚመኘው አንድ ጊዜ በገዛ እጁ መስጠትን ነው።

አሁን ወደ ሕያዋን እንምጣ

እዚሁ ላፍቶ ውስጥ፣ ለቡ በለው ጀሞ፣ ስድስት ሰው ያለበትን አንድ ቤት በሐሳብህ ሳል። አባት ኃይሌ ጋርመንት ካለው የአትክልት ገበያ ሽንኩርትና ቲማቲም ይነግዳሉ እንበል። ትልቁ ልጅ 26 ዓመቱ ነው፤ ሥራ ከያዘ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ስልኩ ላይ ቴሌብር አለው፤ ደመወዙ ወር በገባ ቁጥር ይደርሰዋል።

የረመዳን መጨረሻ ሲደርስ አባት እንደ ልማዳቸው "ስድስት ራስ" ብለው ይቆጥራሉ። ለእያንዳንዱ ራስ አንድ ቁና (አንድ ሷዕ) እህል ያወጣሉ። ልጅየው እህሉ መቼ እንደተገዛ፣ ለየትኛዋ ጎረቤት እንደደረሰ አያውቅም። የዒድ ጠዋት ነጭ ጀለቢያውን ለብሶ ተክቢራ እያለ ይወጣል።

የፊቅሁን ዝርዝር ከኡስታዞቻችሁ ጠይቁ። ነገር ግን ብዙ ሊቃውንት የሚሉትን እናስታውስ፦ ለአቅመ አዳም የደረሰና የራሱ ገቢ ያለው ልጅ ዘካተል ፊጥሩ በራሱ ላይ ነው፤ አባቱ ሊያወጣለት ቢፈልግ ልጁ ሊያውቅና ሊፈቅድ ይገባል ያሉ አሉ። በገንዘብ ዘካ ላይ ደግሞ ብዙሃኑ የባለቤቱን ኒያ ይጠይቃሉ፤ ባለቤቱ ሌላ ሰው ሊወክል ይችላል፣ ውክልናው ግን ከእሱ መምጣት አለበት። ሸሪዓው እህሉ ለድኻው መድረሱን ብቻ ቢፈልግ ኖሮ የባለቤቱ "እሺ" ለምን አስፈለገ?

የዚያን ልጅ እጅ እንመልከት። ከሕፃንነቱ ጀምሮ "ቤታችን ይሰጣል" የሚል ስሜት ይዞ አድጓል። እውነት ነው፣ ቤታቸው ይሰጣል። እሱ ግን ሰጥቶ አያውቅም። ከጁምዓ ሶላት በኋላ በመስጂዱ በር ላይ ለተቀመጡት እጁን ወደ ኪሱ ሳይሰድ ያልፋል፤ "ቤት ይወጣል" ይላል በልቡ። ክፉ ልጅ ሆኖ አይደለም። የአባቱ ልግስና ቀስ በቀስ የእሱ መስሎታል።

ነገሩን በብር እናስላው። ይህ ልጅ በየጁምዓው 50 ብር ቢሰጥ በዓመት 52 ጁምዓ አለና 2,600 ብር ይሆናል። አሁን ጄዳ ያለችው እህቱ በዓመት አንድ ጊዜ 1,000 ብር በስሙ ሰጠችለት እንበል፤ እሱም "የኔ ወጥቷል" ብሎ የጁምዓውን ተወ። ድኻው 1,000 አገኘ፤ 2,600 አጣ። እህቱ በቅን ልብ ሰጥታ፣ ድኻው 1,600 ብር ከሰረ።

ተቃራኒውም ሊሆን ይችላል። እህቱ ያንኑ 1,000 ብር ስትልክ "አንተ 200 ጨምርበትና ራስህ ወስደህ ለእገሊት አድርስልኝ" ብትለው፣ ልጁ በዚያች ቀን የአንዲትን ሚስኪን በር ያንኳኳል። ቤቷን ያያል፤ ዱዓዋን በጆሮው ይሰማል። በሚቀጥለው ወር እህቱ ባትልክም ያ በር አይረሳውም። ገንዘቡ ያው ነው፤ ልዩነቱ ልጁ በሥራው ውስጥ ቦታ ማግኘቱ ላይ ነው።

የሰው ልብ ለምን እንዲህ ይሆናል?

ሥነ ልቦና አጥኚዎች በዚህ ጉዳይ ዙሪያ ብዙ ሠርተዋል። እ.ኤ.አ. በ1966 ጆናታን ፍሪድማንና ስኮት ፍሬዘር የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ባሳተሙት ጥናት፣ ቀድሞ ለትንሽ ጥያቄ "እሺ" ያለ ሰው፣ በኋላ ለትልቅ ጥያቄ "እሺ" የማለቱ ነገር እንደሚጨምር አሳዩ። ትንሿ "እሺ" ሰውየው ራሱን የሚያይበትን ዓይን ትለውጣለች፤ "እኔ እኮ የሚተባበር ሰው ነኝ" ይላል ለራሱ።

እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ ማርያም ኩቻኪ የተባለች ተመራማሪ የወጣ ጥናት ሌላውን ገጽ አሳየ። ሰው የራሱ ወገኖች መልካም እንደሠሩ ሲነገረው፣ እሱ ምንም ሳይሠራ፣ መልካሙን ለራሱ ቆጥሮ በራሱ ጠባይ ላይ የሚላላበት ጊዜ አለ።

ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጣቸው። ሰውየው ራሱ ትንሽ "እሺ" ሲል ልቡ ወደ ተጨማሪ መልካም ይሄዳል። እሱ በሌለበት ሌሎች ሲሠሩለት ደግሞ ልቡ ሊያርፍ ይችላል። ስለዚህ በሰው ስም መስጠት ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ ብለን መጠየቃችን ብዙ አያስኬደንም። የሚያስኬደን ጥያቄ "ያ ሰው የት ቆሞ ነው?" የሚለው ነው። በሩ ውስጥ ነው ወይስ ውጭ?

ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) የማንን እጅ ፈለጉ?

በመዲና ሀብታሞች ነበሩ። ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍን፣ ዑስማን ኢብኑ ዐፋንን (ረ.ዐ) አስብ። የአንዱ ልግስና ብቻ የብዙዎችን ድርሻ ይሸፍን ነበር። ሆኖም አቡ መስዑድ አል-አንሷሪ (ረ.ዐ) እንዳወሩት፣ ሰደቃ እንድንሰጥ በታዘዝን ጊዜ ከመካከላችን ምንም የሌላቸው ሰዎች ሸክም እየተሸከሙ ባገኙት ይሰጡ ነበር። አንዱ ግማሽ ቁና ይዞ መጣ፤ ሌላው ብዙ ይዞ መጣ። ሙናፊቆቹ በሁለቱም አላገጡ። ብዙ ያመጣውን "ለይዩልኝ ነው" አሉት፤ ትንሽ ያመጣውን "አላህ የዚህን ሰውዬ ሰደቃ አይፈልግም" አሉት። ለዚህም የተውባህ ምዕራፍ ቁጥር 79 ወረደች።

ኃይሌ ጋርመንት ገበያ ላይ ጆንያ ተሸክሞ የሚውለውን ወንድምህን አስብ። ከዚያች ዕለት ገቢው ላይ ቀንሶ የሚሰጥ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው? ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ለዚያ ተሸካሚ "አንተ ተወው፣ ዐብዱረሕማን በስምህ ይሰጥልሃል" አላሉትም። ግማሽ ቁናውን ተቀበሉት። አላህም ስለ እሱ ቁርኣን አወረደ።

አንቺም እህቴ ይህን ስሚ። በዒድ ቀን ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ለወንዶቹ ኹጥባ ካደረጉ በኋላ ወደ ሴቶቹ ሄዱ። ሰደቃ እንዲሰጡ መከሯቸው። ቢላል (ረ.ዐ) ልብሱን ዘረጋ፤ ሴቶቹ ጉትቻቸውንና ቀለበታቸውን እያወለቁ ጣሉበት። ባሎቻቸውና አባቶቻቸው እዚያው አካባቢ ነበሩ። "የእናንተን እነሱ ያወጣሉ" አልተባሉም። ጉትቻው ከራሳቸው ጆሮ ወለቀ።

ምክንያቱ በሱረቱ ተውባህ ቁጥር 103 ላይ ነው። አላህ ነቢዩን ከሰዎቹ ሀብት ሰደቃ እንዲወስዱ ሲያዛቸው፣ ሰደቃው ሰጪዎቹን እንደሚያጠራ ነግሯቸዋል። ድኻው ይጠግባል፤ ሰጪው ይጠራል። ድኻውን በሌላ ሰው ገንዘብ ማጥገብ ይቻላል። የወንድምህን ስስት ግን በአንተ ገንዘብ ልታጥብለት አትችልም። አንተ ስትሰጥ የሚላቀቀው የአንተ ልብ ነው።

በአደባባይ ስም ስለመጥራት

በዚህ ዘመን ሌላ ነገር ተጨምሯል። በቀጥታ ስርጭት ገንዘብ ሲሰበሰብ "በእገሌ ስም 5,000 ብር ሰጥቻለሁ፤ አሁን ተራው የእሱ ነው!" ይባላል። ስሙ ይጠራል፤ ተከታዮች ሁሉ ስልኩን ይጠብቃሉ። እውነቱን እንናገር፣ እንዲህ ሲደረግ ገንዘቡ ይጨምራል። ለመስጂድ ግንባታና ለሕሙማን ብዙ ተሰብስቦበታል።

ነገር ግን ስሙ የተጠራው ልጅ የቤት ኪራይ ያልከፈለ ቢሆንስ? ያ ወር እናቱ የታመመችበት ቢሆንስ? ዝም ቢል ሰው ይታዘበዋል፤ ቢሰጥ ተበድሮ ነው የሚሰጠው። እጁ የተከፈተው በሐፍረት ከሆነ፣ ሐፍረቱ ሲያልፍ ይዘጋል። ሌላ ጊዜ ስርጭት ሲጀመር ስልኩን ያጠፋል። በተጨማሪም በአል-በቀራህ ምዕራፍ ቁጥር 264 ላይ ሰደቃን በመመጻደቅና በማስከፋት እንዳናበላሽ ተከልክለናል። በስሙ የሰጠህለትን ሰው "ሰጥቼልህ ነበር፣ አንተ ግን..." ብለህ ብታስከፋው፣ የሚበላሸው የአንተው ነው።

አደባባይ ሁሉ መጥፎ ነው ማለት አይደለም። ጀሪር ኢብኑ ዐብዲላህ (ረ.ዐ) ያወሩትን፣ ሙስሊም የዘገቡትን ታሪክ አስታውስ። ከሙደር ጎሳ የሆኑ ሰዎች ባዶ እግራቸውን፣ የተቀዳደደ ልብስ ለብሰው መጡ። ችግራቸውን ሲያዩ የረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ፊት ተለወጠ። ሰግደው ሲጨርሱ ሰዎቹን መከሩ፤ ግማሽ ተምር እንኳ ቢሆን ስጡ አሉ። ዝምታ ሆነ። ከዚያ አንድ የአንሷር ሰው እጁ ሊሸከመው እስኪያቅተው የከበደ ከረጢት ይዞ መጣ። ሰዎች እሱን ተከትለው እየተነሡ ሄዱ፤ የምግብና የልብስ ሁለት ክምር ሆነ። የረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ፊት በደስታ በራ። መልካም ፈለግን የጀመረ ሰው፣ የእሱን ምንዳና የተከተሉትን ሰዎች ምንዳ የሚያህል እንደሚያገኝ፣ ከእነሱም ምንም እንደማይቀነስ የነገሩን በዚያ ቀን ነው።

ያ የአንሷር ሰው የማንንም ስም አልጠራም። በስማቸው አልሰጠም፤ በፊታቸው ሰጠ። እያንዳንዱ ሰው ከራሱ ቤት የራሱን አመጣ። ሁለቱ ክምር የተሠራው እንዲህ ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ቀድመህ ንገረው። "በስምህ ልሰጥ አስቤያለሁ፤ ለማን ብሰጥልህ ደስ ይልሃል?" በለው። መልሱን ሲያስብ ልቡ ሥራ ጀምሯል። የሰፈሩን ሚስኪኖች ያስታውሳል፤ ምናልባትም አንተ የማታውቃቸውን።

ሁለተኛ፣ ሙሉውን አትሸፍንበት። 1,000 ልትሰጥ ካሰብክ 900 ስጥና 100 ተውለት። ገንዘብ የሌለው ከሆነ እግሩን ይስጥ፤ እህሉን ተሸክሞ ያድርስ። ዓኢሻ (ረ.ዐ) ባወሩት ሐዲስ፣ ሴት ከቤቷ ምግብ ሳታባክን ስትለግስ እሷ በመለገሷ፣ ባሏ በማግኘቱ፣ ዕቃ ቤት ጠባቂውም እንዲሁ እንደሚመነዱ፣ አንዱ የሌላውን እንደማይቀንስ ተነግሯል። ሰው ስታሳትፍ አጅርህ አይሸራረፍም።

ሦስተኛ፣ ታናናሾችህን ከአሁኑ አስለምድ። ዘካተል ፊጥር ሲወጣ የአሥር ዓመቱን ወንድምህን ይዘኸው ሂድ። እህሉን እሱ ይስፈር፤ በሩን እሱ ያንኳኳ። የሕፃን ፊጥር በአባቱ ላይ ነው፤ ልማዱ ግን የሕፃኑ ሆኖ ይቀራል።

አራተኛ፣ በስምህ የሚሰጥልህ አንተ ከሆንክ ራስህን ጠይቅ። ሥራ ከያዝክ በኋላ አባትህ አሁንም አንተን ይቆጥራሉ? እህትህ ከዐረብ አገር በላብዋ የምታወጣውን የራስህ አድርገህ ይዘኸዋል? ለአባትህ በአክብሮት "አባዬ፣ ከዚህ ዓመት ጀምሮ የእኔን እኔ ላውጣ፤ የእርስዎንም ላውጣልዎት" በላቸው። የሚደሰቱትን ደስታ ታየዋለህ። ለእህትህም ደውልላት፤ "የዚህን ወር እኔ ሰጥቻለሁ፣ አንቺ ትንሽ እረፊ" በላት። ስንት ዓመት ይህን ቃል ጠብቃ ይሆን?

"ድኻው ከጠገበ ማን ሰጠ ማን ምን ያደርጋል?" የሚል ይኖራል። ለዛሬ ማታ ራት ምንም አያደርግም፤ የራበው ሰው ካለ የማንንም እጅ ሳትጠብቅ አብላው። የነገ ራት ግን አለ፤ የከርሞም አለ። አባትህ ያረጃሉ። እህትህ አንድ ቀን ትመለሳለች፤ መላክም ታቆማለች። ያን ጊዜ የሰፈሩ ሚስኪን የአንተን በር ያያል። በሕይወትህ አንድም ጊዜ ያልተከፈተ እጅ በዚያ ቀን በድንገት አይከፈትም። አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) ባወሩት ሐዲስም በላጩ ሰደቃ ጤነኛ ሆነህ፣ ገንዘብ እየሳሳህ፣ ድህነትን እየፈራህና ሀብትን እየተመኘህ ሳለህ የምትሰጠው ነው። ይህ የወጣትነት መግለጫ አይመስልህም?

ዛሬ ከጁምዓ ሶላት ስትወጣ አንድ ነገር አድርግ። ለሟች ወላጅ ወይም ዘመድ ካለህ በስሙ ስጥለት። በሕይወት ላለ ወንድምህ ወይም ጓደኛህ ልትሰጥለት ካሰብክ ደግሞ ደውልለት፤ "ና አብረን እንስጥ" በለው። ከ10 ብርም ቢሆን ከኪሱ ይውጣ። አንተም ራስህ በሰው ስም ጥላ ሥር ተደብቀህ ከቆየህ፣ ከጥላው ውጣና የራስህን ስጥ።

አላህ ሆይ! የሞቱብንን ማራቸው፤ በስማቸው የምንሰጠውን ተቀበለን። በሩቅ አገር ለእኛ ሲሉ የሚለፉትን ጠብቃቸው። እጆቻችንን ሳይታጠፉ በፊት ክፈትልን። አሚን።

ጁምዓ ሙባረክ!